የነበረው ይቆይ

ገንዳ ውሃ ከተማ በሚገኝ የሰሊጥ መጋዘን ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራው ኮምፒውተር ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ኢንተርኔቱ ስለማይረባ የሶፍትዌሩን ማሻሻያ ለማምጣት ጎንደር ድረስ እሄዳለሁ፤ በፍላሽ ይዤ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ትእዛዙን ጻፍኩና መጫን ጀመርኩ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ጥያቄ መጣ፤ አንተ ያስተካከልከው ፋይል ይቆይ ወይስ በአዲሱ ይተካ? ደክሞኝ ነበር፤ ይተካ አልኩ። የመኪኖቹን ጭነት ክብደት የሚያትመውን የሚዛኑን ማተሚያ ለማገናኘት ስንት ቀን የለፋሁበት ማስተካከያ ጠፋ። ማተሚያው ዝም አለ፣ ሰሊጥ የጫኑት መኪኖች ፀሐይ ላይ ተሰለፉ።

ሚዛን ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ መጡ።

«ምን አረግኸው ልጄ?»

«አደስኩት።»

«ሳይታደስ ይሠራ አልነበር?»

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ያንን ጥያቄ ባመጣ ቁጥር በእኔ ጣት የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።