ሀያት የወደቀችበት ፈተና

ቅዳሜ ጠዋት ከቡታጅራ በሚኒባስ ተነሣሁ፤ አዲስ አበባ፣ ታናሽ እህቴ ሀያት ዘንድ ለመሄድ። ሀያት ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች፤ የምታድረው ግን ቤቴል፣ የሴቶች አዳሪ መድረሳ ውስጥ ነው። ከንጋቱ የሱብሂ ስግደት በኋላና ማታ ማታ ቁርኣንና የሃይማኖት ኪታብ ትቀራለች። ሰሞኑን ደውላ «ዩኒቨርሲቲውን ልተወው ነው» አለች። እናታችን እህል አልቀምስ ስትል እኔ ተላክሁ።

ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ጉዳዬን ሲሰሙ፣ «ሁለት ትምህርት ለአንድ ልጅ ይከብዳል። አንዱን አስመርጧት» አሉኝ። በልቤ ተስማማሁ። ዓለም ገናን አልፈን አየር ጤና ስንደርስ ዝናብ ያዘን። የቤቴልን ታክሲ ወረፋ ስጠብቅ ጫማዬ በጭቃ ተለወሰ።

መድረሳው

በረንዳው ላይ ነጭ የላቦራቶሪ ጋውንና ጅልባብ ታጥበው ጎን ለጎን ተሰጥተዋል። ሀያት ከስታለች። ሩዝ በድንች ወጥ እየበላን ምክንያቷን ነገረችኝ። የአንድ ኮርስ ፈተና ጥያቄ ሾልኮ በቴሌግራም ሲዳረስ የክፍሏ ልጆች ተቀባበሉት። እሷ ሳትከፍተው ገባችና ወደቀች።

«አሁን ‹ሼኪቷ› እያሉ ይስቁብኛል። ጋሼ፣ እዚህ አማናሽን፣ የተጣለብሽን አደራ፣ ጠብቂ እባላለሁ፣ እዚያ ኩረጃ ነው። ደከመኝ።»

አስተማሪዋ ኡስታዛ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል፤ ጠዋት ሐኪም ቤት በነርስነት ሠርተው ማታ ማታ እዚህ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሴት ናቸው። ገብተው አጠገባችን ተቀመጡ።

«አንቺ ከተውሽው ለበሽተኛው መድኃኒት የሚሰጠው ማነው?»

«የኮረጁት» አለች ሀያት ቀስ ብላ።

«እዚህ የሚኮርጅ የለም፣ ልጄ። እዚህ ታማኝ መሆን ቀላል ነው። ቁርኣን የቀራሽው ለእዚያኛው ቦታ ነበር።»

ሀያት ለሶላት ተነሣች። የከሰዓቱን ዐስር ሰግዳ ስትመለስ፣ «ኮርሱን ደግሜ እወስደዋለሁ» አለችኝ። «ለእማዬ ግን መውደቄን ንገራት፤ ታመመች ምናምን ብለህ እንዳትሸፍን።»

እንዲያ ልል አስቤ ነበር።

እሁድ፣ ቡታጅራ

ስሄድ ሁለቱ ትምህርቶች የተጣሉ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አዛውንቱን ባገኛቸው፣ አንዱን ብናስመርጣት ኖሮ ወይ ዕውቀቷ ወይ ሕሊናዋ ይጎድል ነበር እላቸዋለሁ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም እንዳለ ለእናቴ ነገርኳት። የግፊት ኪኒኗን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ወደቀች በል» አለች። ኪኒኗን ውጣ ውኃ ጠጣችበት። «መድኃኒት የሚሰጠኝስ እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ነው የምወደው።»

ከዚያ ምሳ አቅርብልኝ አለችኝ።