ከግንቡ ወዲህ

ክለባችን ወደ ላይኛው ሊግ ያለፈ ዕለት ከተማው በሙሉ ሲጨፍር አባቴ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ይህን ስል ኳስ የማይወድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከእሱ የባሰ የዚያ ክለብ ደጋፊ አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮም ከሆነ ቤተሰቡን እግዜር ያጽናው። እኔ በበኩሌ ኳስ አልወድም። ኳስን የማውቃት እንደ እንጀራ እናት ነው፤ አባቴን ከእሷ ጋር ተካፍዬ ነው ያደግሁት፣ ትልቁ ድርሻም የእኔ አልነበረም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከስታዲየሙ ግንብ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሐላቸው ያለው ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ብቻ ነው። ጠባብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናው ብርሃን እንዲያገኝ በሩ ሥር ተጠግቷል፤ ከኋላው የካውያ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ኮቶች ተሰቅለዋል፤ ከበሩ በስተቀኝ ደግሞ ለደንበኛ የምትሆን አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። የክለቡን ማሊያዎች ቁጥር የሚሰፋውም እሱ ነው። አሥሬ ለክቶ አንዴ የሚቆርጥ ጠንቃቃ ሰው ነው ይሉታል። እውነት ነው፣ ጨርቅ ሲሆን። ሰው የሚነግረውን ነገር ግን ለክቶ አያውቅም፤ እንደመጣለት ይለብሰዋል።

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአንድ ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም። አብሮ አደጉ ጋሽ ጥሩምባም ከጎኑ አይጠፋም። ጋሽ ጥሩምባ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስሙን ያገኘው ስታዲየም ይዞት ከሚገባው ጥሩምባ ነው፤ ጥሩምባውን ቤት ረስቶት ቢመጣም ግን ልዩነቱ አይታወቅም። አንድ ዓመት ታዲያ ቡድኑ በገዛ ሜዳው ይሸነፍ ጀመር። አባቴ አጎቱ ሞቶ ለቅሶ ሄደ፤ ቡድኑ አሸነፈ። ተመልሶ ገባ፤ ተሸነፈ። ጉንፋን ይዞት ተኛ፤ አሸነፈ። በተከታዩ ጨዋታ አንድ ለባዶ እየተመራን ሳለ ጋሽ ጥሩምባ ዞር ብሎ፣ «ስማ እንጂ፣ እስቲ ለትንሽ ደቂቃ ውጣልን። ገደ ቢስ ሳትሆን አትቀርም» አለው። ሰው ሳቀ። አባቴም ስቆ ለውዝ ሊገዛ ወጣ። ለውዙን ከሻጯ እጅ ሳይቀበል ጎል ገባ። ሊመለስ ሲል በር ላይ የቆሙት ሁሉ፣ «ኧረ በናትህ እዚያው ቁም!» ብለው ጮኹበት። ቆመ። ሁለተኛውም ገባ።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ሕግ ሆነ። አባቴ ትኬት ይገዛል፣ ቡድኑ ከተመራ ይወጣል፣ ጎል ሲገባ ውጭ ሆኖ ያጨበጭባል። እናቴ ጋሽ ጥሩምባን መንገድ ላይ አስቁማ፣ «ኳሱን የሚመታው እሱ ነው እንዴ? አሥራ አንድ ጎረምሳ የተሳነውን የኔን ባል ነው የምትጠይቁት?» ብላ ልክ ልኩን ነግራዋለች። ጋሽ ጥሩምባ ሳቀባት። አባቴም ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ክለቡ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ብቻ በቀረው ዓመት ነው። ደጋፊው አንድ ላይ ሆኖ፣ የዛሬን እንኳ ጭራሽ እንዳትገባ ብሎ ለመነው። እሺ አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አላስችል አለው። ከግድግዳው ላይ የደንበኛ ኮት አውርዶ ለበሰ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ሳበ፣ ሄዶም ከተጋጣሚው ደጋፊዎች መሐል ተሸሸገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ገባ፤ ሳናልፍ ቀረን። ሰው እያለቀሰ ሲወጣ አንዱ ከሩቅ አየውና ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴን በፊቱ አልነበረም ያወቀው፤ በኮቱ ነው። የሰውየው የራሱ ኮት ነበር።

«ኮቴን ለምን ለበስክ?» ብሎ አልተቆጣም። «ለምን ገባህ?» ነው ያለው።

አባቴ ያን ዕለት ራት አልቀመሰም። እናቴ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ «እኔ ነኝ ያስሸነፍኳቸው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሳምንቱ ጋሽ ጥሩምባንና ሌሎቹን ሱቁ ድረስ ጠርቶ፣ ክለቡ እስኪያልፍ ድረስ እግሬ ከዚያ ግንብ ወዲያ አይረግጥም ብሎ ቃል ሰጠ። ተው ያለው አንድ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ አመሰገኑት። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ እስክወልድ ድረስ አባቴ ያችን ጠባብ መንገድ አልተሻገረም።

የጨዋታ ቀን ሱቁን ክፍት አድርጎ መኪናው ላይ ይቀመጣል። ግንቡ ውስጥ ጩኸት ሲነሣ እግሩ መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል። የእኛ ጎል ከሆነ ጩኸቱ የሱቁን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። የእነሱ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ጥግ ብቻ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። አባቴ በጸጥታው ጊዜ ጣቱን በመርፌ ሲወጋ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ቃል በሰጠ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ጨዋታ እናቴ ጥቁር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«ስታዲየም።»

«አንቺ? ምን ልታደርጊ?»

«ላይልህ ነዋ!» አለችው፣ ዘይት አልቋል ልግዛ እንደማለት።

እናቴ ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ መጥታ ያቺ የደንበኛ አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ያየችውን ታወራለታለች። «ያ ረጅሙ፣ ማሊያው ያጠረው፣ ለዚያ ለቀጫጫው አቀበለው። ቀጫጫው ደግሞ ዛሬ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ከሰው ተጣልቷል። የሰባት ቁጥሩ ስፌት በስተግራ ተተርትሯል፣ እንዳትረሳው። ዳኛው ሚስቱ አትመግበውም መሰል፣ ሲሮጥ ሱሪውን ይዞ ነው።» አባቴ ከዚህ ሁሉ መሐል ኳሷ በየት እንደሄደች ጠይቆ ጠይቆ ያወጣታል። «ቆይ፣ ቀጫጫው ሲቀበል ወደ ግንቡ ነው ወይስ ወደ በሩ?» ይላታል። «ወደ እኔ» ትለዋለች። እስኪያነቡ ይስቃሉ። እኔ የቤቴን ጣጣ ትቼ አንዳንዴ እዚያ የምቀመጠው ለኳሱ ብዬ አይደለም። ወላጆቼ እንደዚያ ሲስቁ ሌላ ቦታ አላይም ነበር።

በየጊዜው ግን፣ «አብረን እያየን እዚያው ብንስቅ ምናለ?» ትለው ነበር። «እስኪያልፉ ነው። ሲያልፉ አጠገብሽ ነኝ» ይላታል።

አላለፉም። እናቴ ታመመች። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ከታችኛው ደረጃ፣ አጥሩ ሥር መቀመጥ ጀመረች። «ከዚህ ደግሞ እግራቸውን ብቻ ነው የማየው» እያለች የእግር ብቻ ወሬ ታመጣለት ነበር። ባለፈው ዓመት፣ የውድድሩ ዘመን ሳይጋመስ ቀበርናት።

ከእሷ በኋላ እኔ ልተካ ብዬ አንድ ቀን ገባሁለት። ተመልሼ፣ «ሁለት ለአንድ አሸነፉ» አልኩት።

«ማን አገባ?»

«ዘጠኝ ቁጥር።»

«እንዴት አድርጎ?»

«በእግሩ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግቢልኝም አላለኝም፣ እኔም አልሞከርኩም።

እንግዲህ ያለፉት እሷ በሞተችበት በዚያው ዓመት ነው። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አባቴ መርገጫውን አቆመና ዓይኑን ወደ አግዳሚዋ አዞረ። ሰው የለባትም። ከዚያ ጎርፉ መጣ። ጋሽ ጥሩምባ ፊት ፊት እየነፋ፣ ጎረምሶቹ ማሊያቸውን አውልቀው እያውለበለቡ፣ መንገዱን ተሻግረው በቀጥታ ወደ እኛ። አባቴን ከነሜትሩ፣ ከነጠመኔው ከወንበሩ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«አባባ፣ እርስዎ ባይታገሡ ኖሮ የት እናልፍ ነበር!» አለው አንዱ ልጅ። ከልቡ ነው ያለው። እኔን ያቃጠለኝም ከልቡ መሆኑ ነው። ቀልድ ነው እያሉ ይስቁ የነበሩት ሰዎች ልጆች፣ እንደ እውነት ተቀብለው አድገዋል።

ሲያወርዱት አባቴ ኮሌታውን አስተካክሎ ጋሽ ጥሩምባን፣ «በል እንግዲህ፣ ለከርሞ እገባለኋ?» አለው። ፈገግ ብሏል፤ ነገሩ ያለቀለት መስሎታል።

ጋሽ ጥሩምባ ጥሩምባውን ከአፉ አወረደ። «ለከርሞማ ይብሳል እንጂ ወንድሜ! እላይ እኮ ነው የወጣነው። እዚያ ያሉት ቡድኖች ቀልድ አያውቁም። አንድ ዓመት ብቻ ጨምርልን፣ እግራችን ይጽና፤ ከዚያ እንደፈለግህ።» ጀርባውን መታ መታ አደረገውና እየነፋ ሄደ። አባቴ ቁጭ ብሎ የሱሪውን እግር አሳጥሮ ጨረሰ። ከልክ በላይ አሳጥሮት ኖሮ የሱሪው ባለቤት በማግሥቱ ጮኸበት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እየደበዘዘ ሄደ። አዲሱ ማሊያ ቁጥሩ ታትሞበት ከሌላ ቦታ መጣ፤ ለስፌት የሚፈልገው አልነበረም። አባቴ ስለዚህ ነገር አልተናገረም። ስለ እናቴም አይናገርም። አንድ ቀን ግን ካውያውን እንደያዘ ቆም ብሎ፣ «ብታየው ምን ትል ነበር?» አለኝ። የመጨረሻውን ጎል ማለቱ ነው። ጎሉን ማንም አላወራለትም፤ የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው።

በላይኛው ሊግ የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ደሜ ፈልቶ ሱቁ ሄድኩ። ያለፈውን ዓመት ዋንጫ የበላው ቡድን ነበር የመጣው።

«ተነሥ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ስታዲየም። ቃልህ እስኪያልፉ ድረስ ነበር፤ አልፈዋል።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው እስከዛሬ ያለው አይበቃም?»

«ቢሸነፉስ?»

«ቢሸነፉ ይሸነፋሉ! ገድ የሚባል ነገር የለም፤ ስንቴ ልንገርህ? እማዬ የምትቀመጥበትን ቦታ እንኳ አይተኸው አታውቅም።»

ይህን ማለት አልነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ያስነሣው እሱ ነው። የራሱን ኮት ለበሰ። ሱቁን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ደግሞ አውጥቶ ተመልሶ ቁልፉ መያዙን ሞከረ። ከዚያ መንገዱን ተሻገርን።

ከታችኛው ደረጃ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ጋሽ ጥሩምባ ከላይ አይቶን ኖሮ ጥሩምባው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ከኋላችን ሹክሹክታው ሲወርድ ይሰማኛል። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሐል ከትቶ፣ እንደ ተከሳሽ ተቀምጧል። ብዙ ቆይቶ፣ «እውነትም ከዚህ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው» አለ።

ሁለት ለባዶ አሸነፍን። በመጀመሪያው ጎል አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዳኛው የሚሽረው መስሎት ነው። በሁለተኛው ሁሉም ሲነሣ እሱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ሲያልቅ ጋሽ ጥሩምባ እየሮጠ ወርዶ ግንባሩን ሳመው። «አየህ! አየህ ሰውዬ! ድሮም እኮ ቀልድ ነበር፤ አንተ ነህ ያመረርከው!» አለው። ዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አባቴም አብሯቸው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። «የደስታ ነው፣ ተዉት ይውጣለት» አሉ ሰዎቹ። ጋሽ ጥሩምባን በገዛ ጥሩምባው ብመታው ደስ ባለኝ። ግን ክፋት አልነበረበትም፤ የተናገረውንም ወዲያው ረስቶት እየጨፈረ ነበር።

ሱቁ ስንመለስ አባቴ መኪናው ጋ አልሄደም። እናቴ የምትቀመጥባት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ሰው እየዘፈነ ያልፋል።

«ቢሸነፉ ይሻለኝ ነበር» አለኝ።

በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«ያኔም ብገባ ኖሮ ያሸንፉ ነበር ማለት ነው? ያን ሁሉ ዓመት ከእናትሽ አጠገብ...» አልጨረሰውም። የአግዳሚዋን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይፈትጋል። አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም፣ እሷን በቀበርን ቀን እንኳ።

«አይ» አልኩት። «ያኔ ብትገባ ይሸነፉ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ? ገድ የለም ስትዪ አልነበር?»

«ለማስነሣት ብዬ ነው። ያኔ ገደ ቢስ ነበርክ። ሰው ሁሉ አይቷል። አሁን ነው የለቀቀህ።»

«ሙት በዪኝ።»

በአባቴ ስም በሐሰት ምዬ አላውቅም፤ በልጅነቴ ጨርቅ ቆራርጬ ስያዝ እንኳ አልማልኩም።

«ሙት» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ፊቴን ሲያጠና ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ መብራቱን አበራ፣ ከግድግዳው ላይ አንድ ሱሪ አውርዶ እግሩን መለካት ጀመረ።