ባሌን ያናገረችው ሲስተር

ሲስተርን ጠልቻት ነበር። አንዳች ሳትበድለኝ ነው የጠላኋት፤ ባሌ ከእሷ ጋር ስለሚያወራ ብቻ።

ባሌ ገዳሪፍ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሱዳን ጦርነት ሲነሳ በእግሩ ገላባትን አቋርጦ መተማ ዮሐንስ ገባ፤ እኔም እልል ብዬ ተቀበልኩት። የተቀበልኩት ግን አካሉን ብቻ ኖሯል። ከግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይውላል፤ ሌሊት አይተኛም። ምን ሆንክ ስለው ከሱዳን ይዞት በመጣው ቃል "ኸላስ" ይለኛል፤ በቃ፣ ተይኝ ማለቱ ነው። ጠበል ወስጄ አስጠመቅኩት፤ ሲመለስ ያው ዛፉ ሥር ተቀመጠ።

በእኛ ሰንበቴ፣ ከቅዳሴ በኋላ የቀረ ሰው ካለ ዳቦው ሳይቆረስ ይጠየቃል። ታሞ ይሆናል፣ ሰሊጥ ማሳ ወርዶ ይሆናል፤ ብቻ አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ያየዋል። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የሰንበቴውም አባል። የአእምሮ ሕመምም እንደ ወባው ሕመም ነው፣ ጠበሉም ይጠጣ፣ ሐኪምም ይታይ እያለች ከንስሐ አባታችን ጋር ማስተማር ከጀመረች ወዲህ የቀረውን ሰው የምትጠይቀው እሷ ሆነች። ባሌ ደጋግሞ ሲቀር ጊዜ እኛ ቤት መጣች።

በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችውም። እንዲህ ስትመላለስ ቆይታ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ የባሌን ድምፅ ሰማሁ። እኔ ስለምነው የከረምኩትን ድምፅ ለእሷ ያፈስላታል። እርር ድብን አልኩ፤ ሽንኩርቱንም አሳረርኩት። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፤ የእኔን ባሕር ሌላ ሴት እየቀዳችው ነበር። ሊያውም ቆንጆ ናት። በዚህ በመተማ ሙቀት እንኳ ነጠላዋ አይጨማደድም።

ባሌ መተኛት ጀመረ፣ እህልም ቀመሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። ሰንበቴው ሲበተን ከእሷ ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጦ ያወራል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ያው "ኸላስ" ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ይዤ አስቆምኳት።

"ባሌ ምን ይልሻል?"

"እሱ የነገረኝን ለአንቺ አልነግርሽም፣ እህቴ። አንቺ የምትነግሪኝንም ለእሱ አልነግረውም።"

እኔ ደግሞ ምን የምነግርሽ አለኝ ብዬ ልሰድባት ጀመርኩ። ስድቡ መሐል ላይ እንባዬ መጣ። እኔም እንቅልፍ እንደሌለኝ፣ ሌሊት ተነስቶ ወደ ድንበሩ ይመለስብኛል ብዬ ትንፋሹን ስጠብቅ እንደማነጋ ነገርኳት። አንቺንም አልወድሽም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተቀየመችም። ወሬያችንን ስናበቃ ሰዉ ሁሉ ሄዷል፤ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ወደ ቤታችን አቀናን። ጉምሩክ የሚጠብቁትን የጭነት መኪኖች ካለፍን በኋላ ቆም አለ።

"ምን ስትነግሪያት ነው ይህን ያህል የቆየሽ?"

ፊቱን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ መስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ። ቀንቷል።

"እሷን ጠይቃት" አልኩት።

"አትነግረኝም።"

"ለእኔም አትነግረኝም።"

ከኋላችን ያለው ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋ ከመንገዱ ወጣን። አንገቱን ደፍቶ፣ "ጓደኛዬን፣ ታሞ መራመድ ሲያቅተው፣ መንገድ ላይ ጥየው ነው የመጣሁ" አለኝ።

ቤት እስክንደርስ ነገረኝ፤ ዛፉ ሥር ተቀምጠንም ነገረኝ፤ አለቀስን። ሲመሽ፣ "አንችስ?" አለኝ። ከየት እንደምጀምር ቸገረኝና ሲስተርን እንዴት እንደጠላኋት፣ የሽንኩርቱንም ነገር አስቀድሜ ነገርኩት።

ሳቀ። ከሱዳን ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይህን ሳቅ ሲስተርም አልሰማችውም።