ልጇ ያልተጠራችበት ቤት

ውብዳር ሳን ሆዜ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ምግብ አብስላለች። ቤቱ የሶሮሪቲ ነው፤ አርባ የሚሆኑ ሴት ተማሪዎች አብረው የሚኖሩበት፣ "ሲስተር" እየተባባሉ የሚጠራሩበት ማኅበር። ጠዋት በማለዳ ከምትኖርበት፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ካለችው ኒውአርክ ተነስታ ቁርስ ታደርስላቸዋለች፣ ምሳ ትሠራለች፣ የራቱን አሰናድታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ የጽዋ ማኅበር ይመስላት ነበር። ሻማ ያበራሉ፣ ቃል ይገባሉ፣ ለውጭ ሰው የማይሰማ መዝሙር አላቸው፤ አዲስ ለገባችዋም "ትልቅ እህት" ይሰጧታል። ማን ይግባ ማን ይቅር ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ግን በየትኛውም ጽዋ አይታ አታውቅም።

ልጆቹ ይወዷታል። "ማማ ዊ" ነው የሚሏት። ሲመረቁ አቅፈዋት ፎቶ ይነሳሉ፣ "አንቺ እኮ ቤተሰባችን ነሽ" ይሏታል። እሷም አምናቸዋለች። ለውዝ የማይስማማት ማን እንደሆነች፣ ፈተና ሲደርስ ምግብ የሚዘጋት ማን እንደሆነች በቃሏ ታውቃለች።

አምና አንድያ ልጇ ቲና እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቲና ዓይን አፋር ናት፤ ሃይስኩልን የጨረሰችው ያለ አንድ ጓደኛ ነው። ኦገስት ላይ፣

"እማ፣ ሪክሩትመንት ልገባ ነው። የምፈልገው ያንቺን ቤት ነው" አለቻት።

"የኔን ቤት?"

"ስለ እነሱ ስታወሪ ነው እኮ ያደግኩት።"

ውብዳር በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ለማኅበሩ ፕሬዚደንት አንድ ቃል ልትናገርላት አስባ፣ "በእናቷ ገባች እንዳትባል" ብላ ተወችው።

በሪክሩትመንቱ፣ አዲስ አባላት በሚመረጡበት ሳምንት፣ ቲና ከሌሎቹ እጩዎች ጋር በነጭ ቀሚስ እየመጣች ሳሎን ስትጫወት፣ ውብዳር ትሪ ይዛ በመሀላቸው ታልፋለች። አንድ ቀን ቲና ሁሉ እየሰማ፣ "ሃይ እማ!" አለቻት። አጠገቧ የነበሩት ዘወር ብለው አዩ። ውብዳር ያን ቀን ኮርታ ዋለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ምግብ አዳራሹን ዘግተው ለድምፅ ተቀመጡ። ከወጥ ቤቱ የሚለያቸው ሰሃን የሚወጣበት መስኮት ብቻ ነው፤ መዝጊያውም በደንብ አይገጥምም። ውብዳር ድንች እየላጠች የልጇን ስም ሰማች።

"ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን..." አለች አንዷ።

"የማማ ዊ ልጅ መሆኗ ነው" አለች ፕሬዚደንቷ። "እሷ ከኛ ጋር ተቀምጣ እናቷ ስታቀርብልን አስቡት። ለማማ ዊም ይከብዳታል።"

የተቃወመ አልነበረም። አንዷ "ያሳዝናል" አለች፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ውብዳር "እኔ አይከብደኝም" ልትላቸው እስከ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ ቆመች። ሥራዬን ልልቀቅላችሁ ልትል ነው? ብትለቅ ልጇን ይቀበሏታል? ተመልሳ ድንቹን ጣደች።

በማግስቱ የተመረጡት እየሮጡ ግቢ ሲገቡ፣ ነባሮቹ እየጮኹ ሲያቅፏቸው፣ ውብዳር በረንዳው ላይ ኬክ ትቆርስ ነበር። ቤቷ ስትደርስ ቲና ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች አልጋዋ ላይ ተኝታ አገኘቻት።

"እማ፣ ስለ እኔ ምን አሉ? ሰምተሻል?"

እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ "ባንቺ ምክንያት ነው" ልትል ነው። ያን ለመስማት ውብዳር አቅም አጣች።

"ምንም አልሰማሁም፣ የኔ ልጅ።"

"በቃ፣ ችግሩ እኔ ነኛ" አለች ቲና። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ውብዳር ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገም አልነገረቻትም፣ በሳምንቱም። ቲና ክላስ መግባቱን እያቆራረጠች ቆይታ ከገና ዕረፍት በኋላ ጭራሽ ቀረች። አሁን ፍሪሞንት ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ውብዳር ጓደኛ እንድትይዝ ስትመክራት፣ "ሰው አይወደኝም፣ እማ፤ ኢትስ ኦኬ" ትላታለች፣ ሳትቆጣ።

ዘንድሮ፣ ከኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ውብዳር መኪና ውስጥ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ድንቹን፣ መስኮቱን፣ የፕሬዚደንቷን ቃል። "በኔ ነው የቀረሽው፣ ልጄ። አንቺ ምንም አልጎደለሽም።"

ቲና ከመንገዱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ፈገግ አለች።

"እማ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ።"

"እውነቴን ነው! ማርያምን!"

"ኦኬ፣ እማ" አለች ቲና፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ።

ውብዳር ከዚያ በላይ የምትምልበት አልነበራትም። ሰኞ ጠዋት ተነስታ ለአርባ የሰው ልጆች ቁርስ ልታደርስ ወጣች።