ቅንፍ የጎደለው ሰሌዳ

እትዬ ሜትር የምንላት የመጋረጃ ቆራጫችን ናት። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ አንዳንዴ እንደተንጠለጠለ ታክሲ ትሳፈራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ ስትቆርጥ ወገቧ አልቋል። ስምንተኛ ክፍልን ካለፈች ግን ተቀምጣ የምትሠራበትን የትእዛዝ መቀበያ ጠረጴዛ እንደሚሰጧት አሠሪያችን ቃል ገብተውላታል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ትማራለች። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ሒሳብ ጣላት።

እኔ ከፊት ለፊቷ ስፌት መኪና ላይ ነኝ። ባለፈው ሰኞ መቀሷን አስቀምጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ አፍጥጣ አየኋት። አሠሪያችን ሱቁን ሲከፍቱ በቀለም የጻፉት ነው፦ «ቁመት + እጥፋት × ብዛት»።

«ነይማ» አለችኝ። «ቁመት ሁለት መቶ ሃምሳ፣ እጥፋት ሃያ፣ አራት መጋረጃ። ስንት ሴንቲ ጨርቅ?»

«አንድ ሺህ ሰማንያ» አልኳት። ይሄም ይጠየቃል?

«አስተማሪው ግን ማባዛት ይቀድማል ይላል። ሃያ በአራት ሰማንያ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲደመርበት ሦስት መቶ ሠላሳ። በሦስት ሜትር ከሠላሳ አራት መጋረጃ ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ወይ እሱ ይዋሻል፣ ወይ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቻለሁ። ደከመኝ፣ እህቴ። የሐሙሱ ፈተና ይቅርብኝ።»

አንጀቴን በላችው። የሰሌዳውን ጽሑፍ በወረቀት ገልብጬ፣ እሷን ጎትቼ፣ አስተማሪው ዘንድ ሄድን። ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱን አንዴ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ እርስዎ መጀመሪያ ቁመቱንና እጥፋቱን ይደምራሉ፣ ከዚያ ያባዛሉ፣ አይደል? ለመጋረጃው ትክክል ነዎት። ግን እንደዚያ እንዲሰላ ሁለቱ በቅንፍ መታሰር አለባቸው። ቅንፍ ከሌለ ማባዛቱ ይቀድማል። የተሳሳተው ይህን የጻፈው ሰው ነው።»

እትዬ ሜትር የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ፈተናው ላይም እንደ ሰሌዳው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የምሄደው» አለች። «ሁለቴም።»

እኔ በንዴት ጨስኩ። እሷ ለመናደድም አቅም አልነበራትም፤ ጉልበቷን ብቻ ታሻሽ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በልብስ ጠመኔዋ ከ«ቁመት» በፊትና ከ«እጥፋት» በኋላ ቅንፍ ስታሰምር አገኘኋት። አሠሪያችን ከኋላዬ ደረሱ።

«ሰሌዳዬን ማነው ያበላሸው?»

«እርስዎ ነዎት» አለች ሳትዞር። «እኔ አስተካከልኩት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ ፈተና አለብኝ።»

ይፈቀድልኝ አላለችም። አሠሪያችን ሰሌዳውን ደጋግመው አነበቡት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው እስክትወርድ በርጩማውን ያዙላት።