አረንጓዴው ፓፓያና የእናቴ ሙቀጫ

እናቴ ገበታ ፊት ስታቅማማ አይቻት አላውቅም ነበር። ዘንድሮ የያዛት ጉንፋን ግን እሷን ሲለቃት የምግብ ፍላጎቷን ይዞባት ሄደ። ሽሮውን ሁለቴ ጠቅሳ "አፌን መረረኝ" ብላ ትተወዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ የምወስድላትን ዳቦ ቆሎና የካሮት ሰላጣ ደግሞ "በኋላ እበላዋለሁ" እያለች ታስቀምጠዋለች። ከሳች። የንስሐ አባቷ "ለታመመ ይፈቀዳል፣ ወተት ቢጠጡ ግድ የለም" ቢሏት "ትኩሳቱ እኮ ለቆኛል አባ፣ ምን ብየ ሁዳዴን እገድፋለሁ?" ብላ መለሰችላቸው። እኔ ግን ፈራሁ። ጾሟን ሳትገድፍ አፏን የሚከፍትላት ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። የታይላንድ ሴቶች ያልበሰለ ፓፓያ እንደ ክር ፈቅፍቀው፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከለውዝ ጋር ሙቀጫ ውስጥ ይጨምሩና በሎሚና በስኳር ያሹታል። ገና ሳየው ምራቄ ሞላ። ፓፓያው እንደሆነ እናቴ ጓሮ አለ። ለውዙንና ሎሚውን ቡሬ ገዝቼ፣ በሚኒባስ ማንኩሳን አልፌ ከች አልኩ።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ድንጋይ የመሰለውን ፓፓያ ስቀነጥስ ስታየኝ ጮኸች።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ትንሽ ብትታገሽው አይበስልም ነበር?"

"እማ፣ ጥሬውን ነው የሚበሉት።"

"እነማን?"

ነገርኳት። እኔ ደግሞ ወሬ አፌ ውስጥ አያድርልኝምና የዓሣ ፈሳሽ እንደሚጨምሩበት ጭምር ዘረገፍኩላት። በሁዳዴ ዓሣ! ብድግ ብላ መጥታ ሳህኑንም ለውዙንም አንድ በአንድ አሸተተች። በጨው እንደተካሁት ብምልላትም አልተመለሰችም፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች እጄን ሳይቀር አሸተተችው።

ፓፓያውን ልጬ በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቀፈቅሁት። ግማሹን ለሙከራ ከለውዙና ከቃሪያው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ጨመርኩና በዘነዘናው ቀስ እያልኩ ነካ ነካ አደረግሁት። እናቴ አላስችል አላት።

"ምን ትዳብሽዋለሽ? በዚህ ክንድሽ ነው ባልሽን በርበሬ ወቅጠሽ ያበላሽው? ወዲያ በይ!"

"ይኸ እኮ አይደቅም እማ፣ ጠውለግ እንዲል ብቻ ነው።"

"ሙቀጫ የገባ ይደቃል" አለችና ዘነዘናውን ነጠቀችኝ። ከታመመች ወዲህ ይህን ያህል ነገር አንስታ አታውቅም። ይደክማትና ትተወዋለች ብዬ ቲማቲም ላጥብ ወደ ቧንቧው ወጣሁ።

ስመለስ ክር የሚባል ነገር የለም። ፓፓያው፣ ለውዙ፣ ቃሪያው አንድ ላይ ልመው አረንጓዴ ልቁጥ ሆነዋል። ንድድ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያለምኩት ምግብ እንደ አዋዜ ሙቀጫው ላይ ተለጥፎ ሳየው ልቅሶ ቃጣኝ። "አበላሸሽው እኮ!" አልኳት። እሷ ግን ሎሚ ጨመቀችበትና በጣቷ ቀመሰችው። ደገመች። "እንጀራ አምጭ" አለች።

አንዱን እንጀራ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች። ቃሪያው ዓይኗን እያስለቀሳት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች በላች። እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ይሁን እንጂ እልሄ ስላልበረደ የተረፈውን ክር በሎሚ አሽቼ አቀረብኩላት።

"ትክክለኛው ይኸ ነው፣ ቅመሽው።"

ቆንጥራ ጎረሰች። ወዲያ ወዲህ አመላለሰችውና ፊቷን አዙራ መዳፏ ላይ ተፋችው።

"አንች ልጅ፣ ይኸን ጥርስ ላለው ነው የሠራሽው።"

"አንቺስ ጥርስ የለሽም እንዴ?"

በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። "የፊቶቹ ለፎቶ ናቸው። መንጋጋዎቹ ካለቁ ቆይተዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ዳቦ ቆሎ፣ ያን ሁሉ ካሮት ሳመጣ!"

"ስንት መንገድ አቋርጠሽ ስታመጭልኝ 'አልችለውም' ልበልሽ? አፈርኩ።"

እንጀራ ቆርሳ የሙቀጫውን ግድግዳ ጠረገች። እኔም ክሩን ከነሳህኑ አነሳሁና ሙቀጫው ውስጥ ገለበጥኩት፤ ዘነዘናውንም ይዤ እስኪልም ድረስ ወቀጥኩላት።