የጋሼ ይርጋ የዓባይ ዳር ሰዎች

ልጅ ሳለሁ የጥንት ሰዎች የሚኖሩት ዴንቨር ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ በእኛ አፓርትመንት ጓሮ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የጋሼ ይርጋ ነው። ጋሼ ይርጋ ከእኛ በታች፣ ምድር ላይ ባለው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀን ቀን ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኛ አውቶቡስ የሚነዱ፣ አገር ቤት ሳሉ ግን ባሕር ዳር ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ነሐሴ ላይ የኮሎራዶ በቆሎ ሲደርስ፣ ማምሻውን ከጓሮው በር አጠገብ ትንሿን የከሰል ምድጃቸውን ያቀጣጥላሉ፤ ጭሱ በመስኮታችን ሲገባ እኔም ደረጃውን እየዘለልሁ እወርዳለሁ። ያኔ ከበሩ በላይ ያለችው አምፖል በእሳት ራት ተከባ፣ ፍሙ ከአመዱ ሥር እየቀላ፣ የበቆሎው ፍሬ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ እሳቸው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በዓባይ ዳር ስለኖሩት ግብጾች፣ ትናንት አብረዋቸው ያመሹ ይመስል፣ ያወሩልኝ ነበር።

እኔ ስለ ፒራሚድ መስማት ብፈልግም እሳቸው አይወዱም። «ንጉሡን ተይው፤ እሱ ብዙ ወሬኛ አለው» ይሉኛል። የእሳቸው ሰዎች ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ልብስ አጣቢዎች ነበሩ። ዳቧቸው ውስጥ የሚገባው አሸዋ ጥርሳቸውን ሞርዶ እንደሚጨርሰው፣ የቤት ድመት ስትሞትባቸው ቤተሰቡ በሙሉ ቅንድቡን እንደሚላጭ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ለሰዎቹም የጎጃም ስም ያወጡላቸዋል። መቃብር የሚፈለፍለው ጠራቢ አለኸኝ ይባል ነበር፤ አንድ ቀን ከሥራ የቀረው ጊንጥ ነድፎት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቤቱ ጠላ እየተጠመቀ ነው፤ አለቃውም ምክንያቱን መዝግቦ ያልፈዋል። «ይሄንን ለእኔ ሱፐርቫይዘር ንገሪልኝማ!» ብለው ሲስቁ፣ ፍሙን የሚያራግቡበት ካርቶን ከእጃቸው ይወድቃል።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሳይተርባቸው አያልፍም። ለግብጾች እህል ያበቀለው ጥቁር አፈር ከእኛ አገር በጎርፍ የተጠረገ መሆኑን ጋሼ ይርጋ ሳያነሡ አያመሹምና፣ «ጋሼ፣ ዛሬም አፈራችንን አላስመለሱም?» ይላቸዋል። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እሱ ይመልሳል፣ በቆሎው ያርራል። ሁለቱ ተገናኝተው ሳይከራከሩ የቀሩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ከአንድ ሳምንት በቀር።

በዚያ ሳምንት የጋሼ ይርጋ እናት አገር ቤት ዐረፉ። ስልኩ የተደወለው ግን ለአባቴ ነበር። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፤ ብቻውን ለሚኖር ሰውማ ጭራሽ። ሰው ከሥራ የሚያርፍበት ቅዳሜ ይጠበቅና፣ ማለዳ ተሰብስቦ ቤቱ ድረስ ይኬዳል፤ እስከዚያ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ አፉን ይይዛል። እናቴና አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። እናቴ መስማቴን ስታውቅ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ዋ! ከአፍሽ አምልጦ ብቻቸውን ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑ!» አለችኝ። በጣም ፈራሁ። ከዚያ በፊት ከጋሼ ይርጋ የደበቅሁት ነገር አልነበረኝም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ጭሱ መጣ። ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ ወረድሁ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ጋሼ ይርጋ ሆን ብለው የአፈሩን ነገር አነሡበት፤ እሱ ግን «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ላይ ወጣ። በዓይናቸው ሸኙትና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ያን ምሽት ያጫወቱኝ ስለ ሙታን ነበር። በዚያ በዓባይ ሸለቆ ሰው ሲሞት በመቃብሩ በር ላይ ለአላፊ አግዳሚው የተጻፈ ልመና ይተው ነበር አሉኝ። «የሚለምነው ወርቅ አይደለም። ስሜን ጥራና ‹ዳቦና ጠላ ይድረሰው› በለኝ ነው የሚለው። ትንፋሽ ብቻ! ለሚናገረው ምንም አያጎድልበትም፣ የሞተው ግን ይጠግባል ብለው ያምኑ ነበር።» ከዚያ በቆሎውን አገላበጡና፣ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሡ፣ «እስቲ ለእናቴም በይላት። ስሟ ጥሩነሽ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አይ ዲድንት ሴይ ኤኒቲንግ!» አልሁ እያለቀስሁ። ምንም አልተናገርሁም ማለቴ ነው፤ ያኔ ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋብኝ ነበር።

«አንቺማ ምን አልሽ! ሰሞኑን ሁላችሁም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆናችሁብኝ እንጂ። እህቴ ስልክ ማንሣት ትታለች። ደግሞ አባትሽ እኔን ‹እውነትዎን ነው› ካለኝ፣ ቤቴ ሞት ገብቷል ማለት ነው።» ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

«ታዲያ እንደሚያውቁ ልንገራቸው?»

«እንዳታደርጊው! ስንቱ ሰው ለእኔ ብሎ የሥራ ሺፍቱን ቀይሮ ይሆናል፤ ከሊትልተን ድረስ የሚመጣም አይጠፋም። ወጉ ይድረሰኝ፣ ልጄ። አሁን በይላት።»

ለእማማ ጥሩነሽ ዳቦና ጠላ ይድረሳቸው አልሁ። እሳቸውም አሜን አሉ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ አብረን ተቀመጥን።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጓሮው በመኪና ሞላ። አባቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ በራቸውን ሲያንኳኳ ከኋላው ቆሜ ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ ይርጋ ማስመሰል ቢያቅታቸውስ? ፊታቸው ቢያሳብቅና ሰዉ ሁሉ ቢያፍርስ? ሁሉም ገብቶ ቆመ። በዕድሜ የገፉ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን ይዘው፣ «ይርጋ፣ እንግዲህ በርታ። እናትህ ዐርፈዋል» አሏቸው። ጋሼ ይርጋ «እማዬን!» ብለው ጮኹ። ወለሉ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አባቴና ሌሎቹ ደግፈው ያዟቸው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ማንም አስመስሎ አያለቅሰውም፤ ልጅም ብሆን ያንን መለየት አላቃተኝም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ግራ ስለገባኝ፣ «ጋሼ፣ ቀድመው አውቀው አልነበረም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና፣ «አውቄ ነበር፤ አልተነገረኝም ነበር» አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። አሁን እዚሁ ዴንቨር ሐኪም ሆኛለሁ፤ ዘመዳቸው ያረፈባቸው ሰዎች ወደሚጠብቁበት ክፍል ስገባ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ከፊቴ አንብበው እንደጨረሱ አያለሁ። እንደሚያውቁ አይቶ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ መውጣት ይቻላል። እኔ ግን የሚመጣ ሌላ ሰው ካላቸው አብሬ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ እቀመጥና የሟቹን ስም ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ እስኪነገራቸው ድረስ አያለቅሱም።